የገዳሪፉ የፋሲካ በግ

ወንድሜ ሙላት፣

ከተለየኸን አምስተኛው መኸር ገባ። እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህ ስላዘንሁ አይደለም፤ ስለተናደድሁ ነው። በገዳይህ ብቻ አይደለም፣ በአንተም ጭምር። ጠመንጃ ይዞ እንደሚዞር እያወቅህ ጀርባህን ሰጥተኸው ወደ ሥራህ የተመለስህ አንተ ነህ።

ቤትህ ቆሟል። ሚስትህ እናኑ ጥቁሩን ልብስ አላወለቀችም። ልጅህ አበባው ቁመቱ አንተን አልፏል፤ ወገዳ ገበያ ሲወጣ ያንተን ክላሽ አንግቶ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም እሱ እንዲያነበው፣ ስማዳም ጋይንትም ያለው ዘመድ ሁሉ እንዲያነበው ነው።

በየለቅሶ ቤቱ የሚወራውን መጀመሪያ ላቅና። በሴት አልተጣላችሁም፤ በመጠጥም አልተጣላችሁም። ጎረቤትህ ደሴ ድንበሩን በአንድ ትልም ገፍቶ አረሰ፣ አንተ መለስኸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ገብስህን ስታበራይ ከኋላህ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። እኔ ቅዳሜ ስለነበር ከማስተምርበት ከንፋስ መውጫ መጥቼ ቤትህ ነበርሁ። ሮጬ ስደርስ መንሽህን እንደያዝህ በአፍህ ተደፍተሃል። በሬዎቹ ነጂ ሳይኖራቸው አውድማውን ይዞራሉ፤ አንተን እየተሻገሩ ደምህን ከገብሱ ጋር ያበራዩታል። ያን ገብስ ማንም አልቀመሰውም። ክብሪት የለኮስሁበት እኔ ነኝ።

ደሴ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። በአርባህ እናኑ ከለቃሹ መሐል ቆማ፣ «የተማረ ወንድም ምን ይሠራል? ማመልከቻ ይጽፍልሻል!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማመልከቻ ጽፌ ነበር፣ የመለሰልኝም የለም። ወገዳ ጠላ ቤት ስገባ ደግሞ አንዱ ሰካራም ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ መምህር፣ ሒሳብ ልጠይቅዎ፤ ከሁለት ወንድማማች አንዱ ሲቀነስ ስንት ይቀራል?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ከጥግ ያለው፣ «ዜሮ!» ብሎ መለሰለት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንደዚያ ያለ ስህተት ሰምቼ ዝም ያልሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ደሴን ተከትዬ ሱዳን ሄድሁ። የመተማ ነጋዴ ገዳሪፍ ውስጥ ሐጂ ኢድሪስ ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት አደረሰኝ። ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ለአጨዳ የሚወርደውን ያገራችንን ሰው ሲያስጠጉ ስለኖሩ አማርኛ ይሞካክራሉ። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ዘመድ ፍለጋ» አልኋቸው። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ጩቤ ገዛሁ። ቀን ቀን ከሸሚዜ ስር እታጠቀዋለሁ፣ ስተኛ ከምንጣፉ ስር አደርገዋለሁ።

እንግዲህ ኑሮ ጀመርሁ። ሰው ለመግደል ያደፈጠ ሰው ኑሮ ይለምዳል ብለህ ታምናለህ? እኔ ለመድሁ። ጠዋት ግቢውን እጠርጋለሁ፤ ቀኑ እሳት ሳይሆን ገበያውንና ሰሊጥ መጫኛውን ዞሬ ፊት እመረምራለሁ። ከሰዓት ከዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የተቀደደ ጆንያ እሰፋለሁ። የቤቱ ሰው ሁሉ ያከብረኛል። የመጀመሪያ ቀን ሥጋ ቀርቦልኝ እጄን ስሰበስብ ሐጂ ሳቁ፤ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! የእናንተ ሆድ በር አለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለው» አሉኝ። እስላም የባረከውን ክርስቲያን እንደማይበላ፣ ክርስቲያን የባረከውንም እነሱ እንደማይበሉ ለእሳቸው መንገር አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲያ ለእኔ ለብቻዬ ምስር ይሠራልኝ ጀመር፤ ጾም ካልሆነ እንቁላል።

ማታ ማታ ስለ «ዘመዴ» ይጠይቁኛል። ስሙን፣ ቁመቱን፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ነገርኋቸው። ይኸን የሚያህሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ሰው ከሚቀጠርበት አደባባይ እየሄዱ ሲያጠያይቁልኝ ዝም ብዬ አየኋቸው። ሲመለሱ፣ «ዛሬም ደሴ የሚባል የለም። አይዞህ፣ ይገኛል» ይሉኛል። ስሙን ለውጦ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።

ሁዳዴ ገባ፣ ሁዳዴ አለቀ። የፋሲካ ዕለት ቤተ ክርስቲያን አድሬ ማለዳ ስመለስ ሐጂ የግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቷል። «ዛሬ ዘበኛህን አባርረው!» አሉኝ። «ክርስቲያን አመጣሁልህ። ያውም ከስማዳ! እንግዳ የራሱን በግ አያርድም ብዬ ነው።»

አንድ ሰው በጉን በጉልበቱ ተጭኖ ወደ ምሥራቅ አዙሮታል። በስመ አብ ብሎ ባረከው። ደሙ ሲፈናጠቅ ፊቱን መለስ አደረገ፤ ጥምጥሙ ተንሸራትቶ ግንባሩ ላይ የሸፈነው ጠባሳ ታየ። ደሴ ነበር።

ሙላት፣ ያደረግሁትን ልንገርህ፤ ምንም አልቀንስልህም። ጩቤዬን ረሳሁት። መጀመሪያ መንጋጋውን በጫማዬ መታሁት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ከሚንፈራገጠው በግ ላይ ወደቀ። ፀጉሩን ይዤ ፊቱን ከደሙ ውስጥ ደፈቅሁት። ክንዴን ነከሰኝ፤ ቦታው እስከ ዛሬ አለ። የሚያርድበትን ቢላ ከእጁ ነጠቅሁት። ባርኮ የጀመረውን ሥራ እኔ እጨርሰዋለሁ ብዬ አንገቱን ወደ ኋላ ሳብሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ስላልነገርሁ ለአንተ ልንገርህ፤ ካንተ ሞት ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቢላው ግን አልሄደልኝም። ጎተትሁት፣ ደግሜ ጎተትሁት። ቀና ስል ስለቱን ሐጂ ኢድሪስ በባዶ እጃቸው ጨብጠውታል። ደሙ በነጩ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ወርዷል። አልጮኹም። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ዘመዴ ነው አላልህም?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ አንተ ብትሆን ምን ብለህ ትመልሰው ነበር? እኔ ቢላውን ለቀቅሁ።

ደሴ የግቢው ግንብ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይተፋ ነበር። መሸሽ ይችል ነበር፣ አልሸሸም። በተሰበረ አፉ «ጨርሰኝ፣ መምህር» አለኝ። ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። ያን ሁሉ አገር ያቋረጥሁት እሱ የሚለምነኝን ልፈጽምለት አልነበረም። አልጨረስሁትም። ምሬዋለሁ ማለቴም አይደለም። ሽማግሌ ቢመጣ አልቀመጥም፤ ደም ይድረቅ የሚል ቄስ መስቀሉን ይዞ ቢመጣ መስቀሉን ተሳልሜ በሩን አሳየዋለሁ። በጉንም ማንም አልበላውም፤ እነሱ ክርስቲያን ስለባረከው፣ እኔ ስላየሁት። ውሻ በላው።

የሐጂ የቀኝ እጅ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ሐኪሙ ሰፋው፤ ጣቶቹ ግን አልታጠፉም። በግራ እጅ መብላት ለእነሱ ነውር ነው። ስለዚህ ቁስሉ እስኪሽር እዚያው ቆየሁና አጎረስኋቸው። ልጆቻቸው ሊያባርሩኝ ፈልገው ነበር፤ እሳቸው ከለከሉ። የማልበላውን ሥጋ በጣቴ እየቆራረስሁ፣ ክስራ በሚሉት ስስ የማሽላ እንጀራቸው እየጠቀለልሁ፣ ጠዋትና ማታ ከአፋቸው አደርስ ነበር። አንድ ቀን ጉርሻው ተልቆባቸው፣ «በቢላ ያልገደልኸኝን በእህል ልትገድለኝ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲያ ጉርሻውን አሳነስሁ።

ስመለስ እናኑ ከደጅ ሳልገባ፣ «ገደልኸው?» አለችኝ። አልገደልሁትም አልኋት። ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው። አበባው ክላሹን ከትከሻው ሳያወርድ፣ «እንግዲያው አጎቴ፣ ያለበትን ንገረኝ። እኔ አንተን አይደለሁም» አለኝ። አልነገርሁትም። እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል፤ በቀደም ለታ መካነ ኢየሱስ አውቶቡስ ተራ ላይ ሰው ፊት አንገቴን አነቀኝ። ልጅህ ጉልበቱ ያንተ ነው። እጁን በእጄ አላቅቄ ሸሚዜን አስተካከልሁ።

አበባው፣ ይህን ስታነብ ስማኝ። ብቻህንም ብትሄድ ታገኘው ይሆናል። ግን አባትህን የገደለ ሰው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ የሚያገኙህ ሐጂ ኢድሪስ ናቸው። በራቸውን ከፍተው፣ ምስር አሠርተው ያስገቡሃል። እሳቸው ደግሞ ስለት የሚጨብጡበት አንድ እጅ ብቻ ነው የቀራቸው።

ሙላት፣ ዜሮ የሚሉኝ ይበሉኝ፤ ችዬዋለሁ። የማልችለው አንተ ተረስተህ ደሴ ብቻ መወራቱን ነው። በየለቅሶው ስምህ ሲነሣ ወዲያው የሱ ይከተላል። የድፍን አገሩ ሰው ገዳይህን ያውቀዋል፤ አንተ ጥሬ ስትቆረጥም እንደምትዘፍን፣ ስትቆጣ እንደምትንተባተብ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ እንድገባ ሁለት ዓመት ከትምህርትህ ቀርተህ ለአባባ እንዳረስህ የሚያውቅ የለም። ከእንግዲህ ስምህን በጠራሁ ቁጥር ይህን አስከትላለሁ፤ የሱን ስም አላስከትልም። እሱን ለመርሳት አይደለም። አንተን ለብቻህ ለማስታወስ ነው።

ወንድምህ