አንዴ ብቻ የተሳበው ሸክላ

ጥር 6፣ ማክሰኞ
ሸክላ አፈር ሳጥብ፣ ሳጣራ ዋልኩ። ለዓይን ተራ ዱቄት። በትልቁ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቱቦ ብቻ... ተፈጥሮ ራሷ የጠቀለለችው። ውስጡን መድኃኒት እንሞላዋለን፤ ቁስል ላይ ሲደረግ ቀስ እያለ አራት ቀን ይወጣል። ሲነሳ የሚያምመው ፋሻ በየቀኑ አይነሳም ማለት ነው።
"አራት ቀን ማንም ሳይነካኝ?" አለች እማዬ። በስኳር ሕመም እግሯ ከቆሰለ ስምንት ወር፣ ሆስፒታል ከተኛች ሁለት። ለሙከራው ከተመዘገቡት ስድስት ሰዎች አንዷ ናት።

ጥር 7፣ ረቡዕ
የላቦራቶሪው አለቃ ቸኩሏል። ሸክላውን መድኃኒት ውስጥ ነክረን በፓምፕ አየሩን እንስባለን፤ አየሩ ሲወጣ መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ሦስት ጊዜ ነው የሚሳበው። ዛሬ አንዴ ስቤ ለሁለተኛው ስዘጋጅ "ይበቃል፣ አድርቂው" አለኝ። ለምን? ጎብኚ ይመጣል አሉ። ጎብኚና ቁስል ምን አገናኛቸው?

ጥር 9፣ ዓርብ
ፈተሽኩት። መድኃኒቱ ከላይ ከላይ ነው የተለጠፈው፤ በአንድ ሰዓት ሙልጭ ብሎ ወጣ። የቀረው ባዶ አፈር። ክፍት ቁስል ላይ አራት ቀን ታሽጎ... ውስጥ ውስጡን ቢያመረቅዝ ማን ያያል? የእማዬ እግር ቢቆረጥስ?
ለአለቃ አሳየሁት። "ያለፈው ወር ውጤት አለ አይደል? እሱን አያይዢ።" ያለፈው ወር ዱቄት ሌላ ነው እኮ። "አታካብጂ" አለኝ። ደሜ ፈላ።

ጥር 12፣ ሰኞ
የዱቄቱ አዘገጃጀት መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። "ሦስት ጊዜ ተስቧል" ተብሎ ተሞልቷል፤ የቀረው ፊርማዬ ነው። ሰርዤ "አንድ ጊዜ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።
"የገዛ እናትሽን መድኃኒት ልታስቀሪ?" አለ አለቃ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እናቴን አነሳብኝ...

ጥር 13፣ ማክሰኞ
ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። አዲስ መዝገብ ተሞላ፣ ባልደረባዬ ፈረመችበት። "ልጆች አሉኝ" አለች፣ ሳታየኝ። ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። "በጽሑፍ አቅርቢ፣ በሁለት ሳምንት ይታያል" አሉኝ። ሙከራው ሰኞ ነው!

ጥር 14፣ ረቡዕ
ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። "አራት ቀን ነበር እኮ" አለች። ከአለቃ ንግግር ሁሉ ይቺ ገደለችኝ። ግን ምን ላድርግ፣ ልዋሻት?

ጥር 19፣ ሰኞ
የእማዬ ነርስ ደወለችልኝ። ጠዋት ለስድስቱም የፈቃድ ቅጽ ታደለ፤ አለቃ ራሱ ቆሞ ያስረዳል። እማዬ እስክሪብቶውን ተቀብላ "ልጄ ፈርማበታለች?" አለች።
"ሌላ ባለሙያ ፈርሟል፣ እናቴ" አላት አለቃ።
"እሷ ያልፈረመችበትን እኔ አልፈርምም።"
ለምን ቢሏት ለክፍሉ ሁሉ ዘረገፈችው። አንዴ እንደተሳበ፣ በሰዓት እንደሚያልቅ... አንድ ሳታስቀር። የአጠገቧ ሴትዮ ቅጹን መለሰች። ከዚያ ሽማግሌው። ከዚያ ሁሉም። አለቃ የዱቄቱን ካርቶን ይዞ ወጣ።
እኔ ያው ግምጃ ቤት ነኝ። ከሥራ ስወጣ ሆስፒታል ሄድኩ። የዕለቱ ፋሻዋ አልተነሳም፤ "ልጄ ትምጣ" ብላ ነርሷን መልሳታለች። እጄን ታጥቤ አነሳሁላት። አልጮኸችም ብዬ አልዋሽም፤ ጮኸች። እጄን ግን አልገፋችም።