ያልነገርሽኝ በረራ

ለምወድሽ እትዬ፣

«እውነት ግን በማይል በነጻ ይበረራል? ወይስ ማታለያ ነው?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ያኔ አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ ሳስረዳሽ ቆይቼ «እሺ በቃ፣ አንቺ ካልሽ» ብለሽ ዘጋሽው። ዛሬ መልሱን በደንብ አውቄዋለሁ። ይበረራል። በነጻ ግን አይደለም።

እንደምን ከረምሽ? ሌላ ጊዜ ይህን የምጽፈው ወጉን ለማድረስ ነው። ዛሬ ግን የምሬን እየጠየቅኩሽ ነው። እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ይበላልሻል? ደረጃ ስትወጪ ያደክምሻል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። በግራ ዓይኗ አሁን የመስኮቱን ብርሃን ብቻ ነው የምትለየው፤ ቀኙ ግን የሰው ቁመት ያያል። ትናንት የጎረቤታችንን የአናጢውን ሚስት ከሩቅ አይታ «አንቺ፣ ወፈርሽ እንዴ?» አለቻት። እንግዲህ ደህና ናት ማለት ነው።

በእጄ ጽፌ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳሁ የምልክልሽ ስልክ ስለማታነሺ ነው። ስታነሺም የሚመጣው ድምፅሽ ብቻ ነው። የስልክሽ ካሜራ ከተበላሸ አምስት ወር ሆነው። አምስት ወር ሙሉ ካሜራ የሚጠግን ሰው የጠፋው የት አገር ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም። ሞኝ ነኝ።

ማይሉን እንዴት እንዳጠራቀምኩት በደምሳሳው ታውቂያለሽ፤ ውርደቱን ግን አልነገርኩሽም። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው መታወቂያ ስገለብጥ ባንኩ ያንን ክሬዲት ካርድ አወጣ። በሦስት ወር ውስጥ የተባለውን ያህል ዕቃ የገዛበት ሰው ሃያ ሺህ ነጥብ በስጦታ ያገኛል፣ ነጥቡ ወደ አየር መንገዱ ሲዛወር ማይል ይሆናል። እኔ ደግሞ የምገዛው ሳሙናና የትራንስፖርት ቲኬት ነው። በሳሙና ልብረር ካልኩ አርጅቼ ነው የምሳፈረው። ስለዚህ ካርዴን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ። እነሱ ጥሬ ገንዘቡን ይሰጡኛል፣ እኔ በካርዴ እከፍልላቸዋለሁ፣ ነጥቡ ለእኔ ይቀራል። የአናጢው እንጨት፣ የልብስ ሰፊዋ ጨርቅ፣ የአከራያችን የውሃ ፓምፕ፣ ሁሉም በእኔ ካርድ አለፈ።

ስሜም ተቀየረ። «ካፒቴን» ነው የምባለው። አናጢው በራችንን አንኳኩቶ «ካፒቴን፣ ዛሬ ሠላሳ ኮምፖርሳቶ ልገዛ ነው፣ ስንት ደመና ያሻግርሻል?» ይላል። እንጨት መሸጫው ሄደን እኔ ካርድ ሳወጣ ባለሱቁ ገርሞት «ቤት የምትሠራው እሷ ናት?» ቢለው «አይ፣ እሷ አውሮፕላን ነው የምትሠራው» አለው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ «ጨርቁን የምገዛ እኔ፣ የምትበር እሷ። መማር ማለት ይኼ ነው እንግዲህ» ትላለች፤ ግን አንድም ቀን ሳትጠራኝ ጨርቅ ገዝታ አታውቅም። ሁሉም ለምን እንደማጠራቅም ያውቃሉ። የእማዬ ቀኝ ዓይን እንደ ግራው ሳይሆን፣ አንቺ መጥተሽ ፊትሽን እንድታይ ነው። ሐኪሙ ቢበዛ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው ያለው። ዘጠኝ ዓመት ከማያልቅ የሆቴል አንሶላ ጋር ስትታገዪ፣ እኔን ስታስተምሪ፣ እሷ ፊትሽን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው። አሁን ደግሞ ፎቶ አይታያትም።

የቤተሰቡን የማይል አካውንት በአንቺ ስም የከፈትነው ከቤታችን አውሮፕላን የተሳፈርሽው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነበር። ስንት ጊዜ እንደጨቀጨቅኩሽ ታስታውሻለሽ። «የትም ብትበሪ፣ የአንድ ሰዓት መንገድም ቢሆን፣ የአባልነት ቁጥርሽን ሳታስመዘግቢ እንዳትሳፈሪ። ያልተመዘገበ ማይል መሬት ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው» እልሽ ነበር። አንቺም «እኔ የምበረው ከማጠቢያው ክፍል ወደ ማድረቂያው ክፍል ነው፣ እሱም ይመዘገባል?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ባንኩ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁለት ነጥብ አንድ ማይል ይሆናል ብሎ መልእክት ላከ። የሁለት ዓመት ድካሜ በግማሽ ሊቆረጥ ነው ማለት ነው። ደነገጥኩና ያለኝን ነጥብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ አካውንትሽ አዛወርኩት። ነጥብ አንዴ ከባንኩ ከወጣ አይመለስም፤ እስከ ሦስት ቀንም መንገድ ላይ ይቆያል። በእነዚያ ሦስት ቀናት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት «የማንን መታወቂያ በማን ጀርባ ላይ ነው ያተምሽው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ተቆጣኝ።

ሐሙስ አካውንቱን ከፈትኩት። የደርሶ መልስ ትኬት ስልሳ ሺህ ማይል ይፈልጋል። እኔ የምጠብቀው ሃምሳ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ነበር። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ይጎድለናል፣ አናጢው አንድ ትልቅ ሥራ እስኪያገኝ እንጠብቃለን ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። አካውንቱ ግን ስልሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይላል።

ደስታዬን ምን ልበልሽ። ባለቤቱ ከወረቀቱ ቀና ብሎ «ምነው፣ ሎተሪ ወጣልሽ?» እስኪለኝ ድረስ ብቻዬን ስቄያለሁ። ከዚያ ትምህርቴ መጣብኝ። አስተማሪያችን የጎደለ ቁጥር ሰው የረሳው ሊሆን ይችላል፣ የተረፈ ቁጥር ግን የሆነ ሰው የሠራው ነው ይለን ነበር። ዝርዝሩን ከፈትኩ። ከእኔ ዝውውር በላይ ሁለት መስመሮች አሉ። ከአንቺ ከተማ ወደ እኛ ከተማ፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ማይል። ከአራት ቀን በኋላ፣ ከእኛ ከተማ ወደ አንቺ ከተማ፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ማይል። ሁለቱም የዛሬ ሁለት ወር። የተሳፋሪዋ ስም ያንቺ ስም።

ሌባ ነው ብዬ ነበር። እማዬ ትሙት፣ ሌባ እንዲሆን ለመንኩ። አየር መንገዱ ጋ ደውዬ ቁጥራችንን ሰው ሰርቆታል ብላቸው፣ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ በትሕትና ቆጥሮ ነገረኝ። ቁጥሩን በመሄጃም በመመለሻም ያስመዘገበችው ተሳፋሪዋ ራሷ ናት፣ ፓስፖርቷን ይዛ፣ አየር ማረፊያው ጠረጴዛ ፊት ቆማ።

የዛሬ ሁለት ወር የት ነበርኩ? አጎታችን ጋ። እማዬ «የቤቱ ካርታ ቅጂ እሱ ጋ አለ፣ አራት ቀን ተቀምጠሽ አፈላልገሽ አምጪልኝ» ብላ ላከችኝ። አጎታችን «የምን ካርታ? እናትሽ ደክሞሽ አይታ ትረፍ ብላ ነው የላከችሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ተናድጄ ተመለስኩ። ቤት ስገባ የእማዬ ዓይን አብጧል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ወንበሩ ከአልጋዋ ጎን ተጠግቷል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች በሙሉ በአፋቸው ተደፍተው ነበር። እኛ ቤት ብርጭቆ የምትደፋው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አቧራ ይገባል እያልሽ። እኔ ግን የአናጢው ሚስት ናት ብዬ፣ የሰው ቤት ሥርዓት ምን አገባት እያልኩ፣ አንድ በአንድ አቀናኋቸው።

ከዚያ በኋላ እማዬ ነግራኝ ነበር እኮ፤ ጆሮ አልሰጠኋትም እንጂ። አንድ ቀን «እህትሽ በጣም ከስታለች» አለችኝ። በምን አየሻት ብላት «በድምፅ ይታወቃል» አለች። ሌላ ቀን ልብስ ስናጣጥፍ «ጸጉር ከረገፈ በኋላ እንደገና ይበቅላል ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የራሷን መስሎኝ «አይዞሽ፣ ሻሽ ታስሪበታለሽ» አልኳት። ማይል ማይል እያልኩ አንቺን ስጨቀጭቅ ስትሰማ «ተያት፣ ትረፍ» ትለኝ ነበር። እኔ ሰነፍሽ ብዬ ነው ያዘንኩብሽ። ለመምጣት ቀን ቁረጪ ባልኩሽ ቁጥር «አሁን ሥራ በዝቷል» ስትዪኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሰውን ይቀይራል ብዬ ለልብስ ሰፊዋ አምቼሻለሁ። ይቅር በዪኝ።

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ ሁለቱን መስመሮች ለእማዬ አነበብኩላት። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች ሰማችኝ። ስጨርስ «አስምላኛለች» አለች። ምን ብላ ነው ያስማለችሽ ብላት «አስምላኛለች አልኩሽ እኮ፣ አማርኛ አይገባሽም?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ «ይህቺ ልጅ ገና ሥራ ልትይዝ ነው፣ በእኔ ምክንያት እንዳትሰናከል ብላኛለች። ከዚህ በላይ አፌን አታስከፍቺኝ» አለች። አላስከፈትኳትም። ግን ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች፣ መዳፍ ለመዳፍ አቀራርባ፣ የሰው ትከሻ እንደምትለካ። «እንዲህ ሆናለች» አለችኝ። በመዳፎቿ መካከል ያለውን በስንዝሬ ለካሁት። እትዬ፣ ያ የትልቅ ሰው ትከሻ አይደለም።

ተቆጥቻለሁ። ይህን ልደብቅሽ አልችልም። አራት ቀን በአልጋዬ ተኝተሽ፣ በትራሴ ላይ ራስሽን አሳርፈሽ፣ እኔን እንደ ሕፃን ከቤት አስወጣሽኝ። ከባድ ነገር ሲመጣ ሕፃናት ወደ ጎረቤት ይላካሉ፤ እኔ ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ለእማዬ የተገባት ስንብት ለእኔ አይገባኝም ነበር?

ስንብት የሚለውን ቃል ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት። ካልሆነ አንቺው ሰርዢልኝ።

ቁጣዬን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያሸንፈው። ከእኔ ተደብቀሽ፣ ማይሉን ሳትነኪ ከራስሽ ከፍለሽ፣ ያንን ሁሉ ድካም ተሸክመሽ ጠረጴዛው ፊት ስትቆሚ፣ የአባልነት ቁጥርሽን አስመዘገብሽ። ሁለት ጊዜ። የጨቀጨቅኩሽን አልረሳሽም። ያ ማይል መሬት ላይ እንዳይፈስብኝ ብለሽ ነው? ወይስ አንድ ቀን እንዳገኝሽ? የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን የጎደለንን የሞላው እሱ ነው። ያ በረራሽ ባይመዘገብ ትኬቱ አይወጣም ነበር።

ትናንት ወደ ትኬት ቢሮው ሄድኩ። ለሁለት ዓመት ስመላለስባት የቆየችው ሴትዮ ስታየኝ «ካፒቴን፣ ሞላ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለእሁድ በማይል የሚሰጥ አንድ ወንበር አለ፣ መመለሻው እስከ ሁለት ወር ይቆያል። «እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ልያዝልሽ፣ ከዚያ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሄዳል። በማን ስም ልበል?» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፣ ያንቺ ስም። እኔ ግን የራሴን ስም ነገርኳት።

ለምረቃዬ ስጦታ ብለሽ ያስወጣሽልኝ የሦስት ዓመት ቪዛ ሊያልቅ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሕዝብ የሚቆጥረው የስታቲስቲክስ ቢሮ ለሥራ የቃል ፈተና ነበረኝ፤ እኔ ባልቆጥርላቸውም ሕዝቡ አይጎድልም። እንዳታዝኚብኝ፣ ፈተና በየዓመቱ አለ። እማዬን የአናጢው ሚስት ትይዛታለች፤ አናጢው ራሱ አልጋውን እዚሁ አምጥቼ እተክላለሁ ብሏል። እማዬ «መሐላው የእኔ ነው፣ አንቺ አልማልሽም» ብላ ያንን ለስላሳ ሻሿን አጥባ አጣጥፋ ሰጥታኛለች። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። የአካውንቱ ባለቤት አንቺ ነሽ። ሴትዮዋ ትኬቱን ልትቆርጥ ስትል ስልክሽ ላይ ስድስት ቁጥሮች ይመጣሉ፣ ያለ እነሱ ማይሉ አይወጣም። የሚቆዩት ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጠረጴዛዋ ፊት እቀመጣለሁ። ሴትዮዋ ግማሹ ሰዓት ካለፈ ደግማ እንደምትልክ ነግራኛለች፤ እስከ አሥር ሰዓት ከዚያ አልነሳም።

ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠይቅሽም። አታብራሪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። የአንሶላ ማጠፍ ሥራ እኔም አላቅተኝም። ሾርባ መሥራት ባልችልም፣ አንቺ አልጋ ላይ ሆነሽ እየሰደብሽኝ እማራለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይመልስልሽ። በእጅሽ ያለፈው የሰው እድፍ ሁሉ በረከት ሆኖ ይቆጠርልሽ። እማዬ በቀኝ ዓይኗ ደጅ ደጁን እያየች ነው፤ ሁለታችንንም አንድ ላይ ለማየት ያብቃት። ብርጭቆዎቹን ዛሬ ጠዋት ደፍቻቸዋለሁ፤ ስንመለስ እንደተደፉ ይቆዩናል።

ዓርብ ስልክሽን ከራስጌሽ አታርቂ። ሌላ ምንም አትጻፊልኝ። ስድስቱን ቁጥሮች ብቻ ላኪልኝ።

ታናሽሽ