አላልቅ ብሎ ስላስቸገረው የዓሣ አጥንት ዱቄት

ለተከበሩ አቶ አምሳሉ
የንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ
ሐዋሳ

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ቀንዎም እንደ መዝገብዎ የተስተካከለ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ቴክኒሽያን «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ምክር ሃያ ሁለት ዓመት ካከበርኩ በኋላ ዛሬ ላፈርሰው ስለተገደድኩ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤው በግልባጭ ለሚደርሳቸውና ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን ሮዳስ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አጥንት ለቅማ፣ አጥባ፣ አቃጥላና ፈጭታ፣ ፓላዲየም ከሚባለው ብረት ጥቂት አክላበት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ካታሊስት ሠራች። ይህ ዱቄት አልኮልን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ለሽቶና ለመድኃኒት መሥሪያ ወደሚሆን ውህድ ይለውጠዋል፤ ተረፈ ምርቱም ውኃ ነው። ድሮ ይህንኑ የምንሠራው በመርዛማ ክሮሚየም ስለነበር፣ ዝቃጩን የት እንደምንደፋው ሐይቁን እያየን እንጨነቅ ነበር። የሮዳስ ዱቄት ግን ተጣርቶ ሲታጠብ እንደገና ይሠራል። እስካሁን አራት ጊዜ ሠርቷል። በመጪው ሳምንት ማክሰኞ የመመረቂያ ጽሑፏን ስታቀርብ ፈታኞቿ የሚጠይቋት የአምስተኛውን ውጤት ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፦

1ኛ. ካታሊስቱን «አላቂ ዕቃ» ብለው ስለመዘገቡልን እናመሰግናለን። በጥቅምት የተመዘገበው ሁለት ግራም በግንቦቱ ቆጠራ ያንኑ ያህል ሆኖ ስለተገኘ፣ ኮሚቴዎ «ሥራ አልተሠራበትም» ሲል በቃለ ጉባኤ አስፍሯል። ካታሊስት ካታሊስት የተባለው ሥራውን ሠርቶ ስለማያልቅ መሆኑን ለኮሚቴው ጸሐፊ ለወ/ሮ ብርቅዬ ባስረዳም፣ በቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ቦታ እንዳልተተወለት በትሕትና ገልጸውልኛል።

2ኛ. የቀድሞው ሳያልቅ አዲስ ግብዓት አይሰጥም በሚለው መመሪያ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በመጋዘን ቆልፈው ስለጠበቁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሮዳስ ሦስት ሳምንት ሙሉ መጋዘኑ በር ላይ ቆማለች። ባዶ እጇን ስትመለስ ፊቷን ማየት እየከበደኝ መጥቷል። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው አልቻልኩም።

3ኛ. ከሁሉም የሚልቀው ግን መፍትሔዎ ነው። መዝገቡና ዕቃው ይታረቁ ዘንድ ዱቄቱን በሰም አሽገው ወስደዋል፤ ዓርብ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ሦስት ሰዎች ፈርመው እንዲወገድም አዘዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ መጠየቅ እንደምንችል በደግነት ፈቅደውልናል። አዲሱ ግን አንድ ጊዜም ያልሠራ ነው። እኛ ማወቅ የምንፈልገው አራት ጊዜ የሠራው አምስተኛ ይሠራ እንደሆነ ነበር። እርሱ ከተደፋ የልጅቱ የሁለት ዓመት ድካም አብሮ ይደፋል።

ስለሆነም ዱቄቱንና ኦክስጅኑን ከዓርብ በፊት እንዲመልሱልን፣ ከጫማዎ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በቋሚም ሆነ በአላቂ መዝገብዎ ላይ ስሙ ያልሰፈረ፣ ትዕዛዝዎን ግን ሁለት ሁለት ጊዜ የሚያነብ ታዛዥዎ፣
ሽበሺ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የማስወገጃው ቅጽ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። ሁለቱ ተሞልተዋል፤ የቀረው የእኔ ነው። ካልፈረምኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚደርሰኝ ወ/ሮ ብርቅዬ ነግረውኛል። አዝናለሁ፤ በጥቅምት ከመጋዘንዎ ወጪ ያደረግሁት እስክሪብቶ፣ አላቂ ዕቃ በመሆኑ፣ በዚህ ደብዳቤ አልቋል። አዲስ አልጠይቅም።