ላልነደደው የላምባ ምድጃ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የጎዳና ውበትና ንጽሕና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሰበ ተፈሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እግርዎ ደረቅ፣ ክፍልዎ የሞቀ፣ እንቅልፍዎም ያልተቋረጠ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ለቤተ ሰብዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ በር ላይ ለሚቆሙት ዘበኞችዎም ጤና እለምናለሁ። በክረምት ከጨርጨር ተራሮች የሚወርደው ብርድ ሰው እየመረጠ እንደሚይዝ ስላየሁ፣ ምኞቴ የወግ ብቻ እንዳይመስልዎ።

ሞገስ እባላለሁ። በትልቁ መንገድ ዳር ከእህቴ ከአዳነች ጋር በአንድ ግቢ እኖራለሁ። ባሏ ጀምበሩ ይህ የምጽፈው ነገር በሆነ ሰሞን ቡና ሊያመጣ መቻራ ወርዶ፣ ዝናቡ መንገድ ቆርጦበት እዚያው ቀርቶ ነበር። ጉዳዬን በአደባባይ የምጽፈው ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው። ስብሰባው እንደተሳካ ተስፋ አለኝ።

የመሥሪያ ቤት ሰው ቁጥር ስለሚወድ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በሐምሌ ወር ታላቁ እንግዳ በመኪና ወደ ሐረር ሲያልፉ በመንገዱ ዳር ባሉ ቤቶች ላይ ጭስ እንዳይታይ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ጭሳችን የሚያሳፍር ነገር መሆኑን እስከዚያ ድረስ የነገረን አልነበረም። የማገዶ ክምራችንም የመንገዱን መልክ እንዳያበላሽ በጋሪ አስጭነው ወደ ግቢዎ አስወሰዱልን። ከአንድ ጎረቤታችን ቤት ጭስ በታየ ጊዜ ዘበኞችዎ ምድጃው ላይ ውሃ ደፍተው ባለቤቱን ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም መንገር አላስፈለገም። እንግዳው ግን ዘገዩ። ዛሬ ነው፣ ነገ ነው ሲባል ትእዛዙም አብሯቸው ዘገየ። በመጨረሻ ባለፉበት ዕለት የመኪናቸው መጋረጃ ተዘግቶ ነበር፤ ተኝተው ነው አሉ። እንቅልፋቸውን ጭሳችን ስላልረበሸው ደስ ብሎናል።

እህቴ ምድጃዋን ያጠፋችው በገዛ እጇ ነው፣ በጣሳ ውሃ። ትእዛዝ የምታከብር ሴት ናት።

፪. በማገዶው ፈንታ ለየቤቱ የላምባ ምድጃ ስላደሉን አመሰግናለሁ። የግምጃ ቤትዎ ኃላፊ አቶ ዓባይ በግቢዎ ሰብስበው አሠራሩን አሳዩን። ከማቃጠያው ሥር ባለችው ጽዋ አልኮል አፍስሰው ለኮሱ፤ የማቃጠያው ራስ እስኪግል ጠበቁ፤ ፓምፑን ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ሰማያዊ ነበልባል ፉ ብሎ ወጣ። አጨበጨብን። ጫት ነጋዴው በክሪ፣ ይሄስ ከጫኞቼ ይሻላል፣ አንዴ ከገፉት ይሠራል ብሎ አሳቀን። አቶ ዓባይ ያን ዕለት የሞሉት ላምባ ከቤታቸው በጠርሙስ የመጣ መሆኑን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ለእኛ የታደለው በግቢው ጥግ፣ ከጣሪያው ፍሳሽ ሥር ከቆሙት በርሜሎች ነው። ዝናቡ በበርሜሎቹ ክዳን ላይ ሲጠራቀም ብዙዎቻችን አይተናል። አይተን ተራ ጠበቅን።

፫. ስለ መመሪያ ወረቀቱ አመሰግናለሁ። በተለይ «ምድጃው አልነድ ሲል» ስለሚለው ክፍል።

እንግዳው ገና ሲጠበቁ እህቴ ከቀኗ ቀድማ ወለደች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናብ ነበር። ሴት ልጅ። በጣም ትንሽ። አዋላጇ ልጅቱ ሙቀት እንደምትፈልግ፣ ጨርቅ እየሞቀ እንዲደረብላት፣ ቤቱም እንዲሞቅ ነግራን ወደ ሌላ ምጥ ተጠርታ ሄደች።

ላምባ አለው ወይ ይላል ወረቀቱ። ነበረው። ቀዳዳው ተደፍኖ እንደሆነ። በመርፌ ጠረግሁት። ራሱ በሚገባ ግሎ እንደሆነ። ግሏል፤ ጠባሳው ጣቴ ላይ አለ። ገፋሁት። ተንጣጣ፣ ቢጫ ምላስ አወጣ፣ ጠፋ። እንደገና። ተንጣጣ። ጠፋ። ጨርሶ በድን ቢሆን ኖሮ ትተነው በርጩማም ሰብረን ቢሆን እናነድድ ነበር። እሱ ግን ሁልጊዜ ሊነድ ነው። ሁልጊዜ ትንሽ ነው የቀረው። ወረቀቱ በመጨረሻ «ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልነደደ ከመጀመሪያው ይጀምሩ» ይላል። ከመጀመሪያው ጀመርን። አዳነች ልጅቱን ለእኔ ሰጥታ፣ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ራሷ ገፋችው። ለእሷም ተንጣጣላት።

፬. ስለ ዘበኛዎ ትሕትና አመሰግናለሁ።

እንደሚያውቁት በእኛ ሰፈር እሳት የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። እሳት ሊጭር የመጣን ሰው የሚመልስ ቤት የለም። የተጣላም ይሰጣል፤ ሰላምታውን ብቻ ይነፍጋል። ጎረቤታችን ኩብራ ገል አንሥታ ወጣች። በመንገዱ ያለው ቤት ሁሉ እንደ ትእዛዝዎ ቀዝቅዟል። ከጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ ግን ጭስ ይወጣ ነበር፤ የእንግዳው ግብዣ ይሰናዳ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ስለሆነ ከመንገድ አይታይም።

ኩብራ አንድ ፍም ለመነች፤ አራስ ቤት መሆኑን ተናገረች። ዘበኛዎ፣

«ያለ ፈቃድ ወረቀት የጽሕፈት ቤት እሳት አይወጣም፣ እናቴ» አሏት።

እናቴ ማለታቸውን ደጋግማ ነግራኛለች።

ከዚያ ትእዛዝዎ ወደማይደርስበት ወደ ላይኛው ሰፈር፣ አቀበቱን፣ በጭቃ ወጣች። ስትመለስ ገሉን በሻርፗ ሸፍናው፣ ጀርባዋን ለዝናቡ ሰጥታ፣ ጎንበስ ብላ ነው የገባችው። ፍሙ ቀይ ነበር። ያ ረቢ፣ አልጠፋም፣ አልጠፋም እያለች ነበር። አዳነች ልጅቱን ታቅፋ ቀና ብላ አላየቻትም። ኩብራ አየቻቸው፤ ገሉን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ማንም አልነካውም። ፍሙ እዚያው አመድ ሆነ።

፭. ይህን ቁጥር ባዶ እተወዋለሁ። ስም አልወጣላትም ነበርና የምጽፈው የለኝም።

፮. አቶ ዓባይ ለቅሶ ስለደረሱ አመሰግናለሁ። ከምድጃው የቀዳሁትን ላምባ በጠርሙስ አድርጌ መስኮት ላይ አሳድሬው ነበር። ሲነጋ ከላይ ላምባ፣ ከታች ውሃ፣ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር። ጠርሙሱን አቅርቤ አሳየኋቸው። እሳቸው ጠርሙሱን ትተው ወደ ሴቶቹ እያዩ፣

«የሴት እጅ ይቸኩላል፤ ራሱ ሳይግል ገፍታው ይሆናል» አሉ።

አዳነች እዚያው ነበረች።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ ምድጃውን ከፊቷ አስቀምጣ ትውላለች። ቀዳዳውን በመርፌ ትጠርጋለች፣ ጽዋዋን ትወለውላለች፣ ፓምፑን ትገፋለች። ክብሪት አትለኩስም። ድምፁ በግድግዳው በኩል ወደ እኔ ይመጣል፤ ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ። አሁን አሁን እሷ ወንዝ ወርዳ ቤቱ ባዶ ሆኖም እሰማዋለሁ። ሄጄ በሩን እከፍታለሁ። ምድጃው ብቻውን አለ። በሩን ዘግቼ ስመለስ ይጀምራል።

አንድ ቀን፣ «ሳይግል ገፍቼው ይሆን፣ ወንድሜ?» አለችኝ።

ግሎ እንደነበር፣ ጥፋቱ የውሃው እንደሆነ ነገርኋት። ጠርሙሱን እጇ ላይ ሰጠኋት። ብዙ አየችው። «አንተማ ስለምትወደኝ ነው» አለችኝ፣ መለሰችልኝም። ለጀምበሩም ከመቻራ ሲመጣ ይህንኑ ብላዋለች። ኩብራ ብትምልላትም አታምናትም። የምንወዳት ሁሉ ምስክርነታችን ፈረሰ።

ስለዚህ ከማይወዳት ሰው መምጣት አለበት። ካሳ አልጠይቅም፣ አቶ ዓባይም እንዲወቀሱ አልፈልግም። አንድ ቀን በቤታችን በኩል ሲያልፉ ከመኪናዎ ወርደው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጥፋቱ የላምባው ነው» እንዲሏት ብቻ እለምናለሁ። መቀመጥ አያስፈልግም። ማዘንም አያስፈልግም። እንደ ትእዛዝ ይበሉት። ከእርስዎ ቤት የወጣ ቃል ሁሉ እውነት እንደሆነ አድርጋ የምትሰማ ሴት ናት፤ እዚህም ያደረሳት ይኸው ነው። ቶሎ ቢሆን እወዳለሁ፤ ከሰሞኑ ምግብም እየተወች ነውና።

የከተማችንን መልክ በትጋት የሚጠብቀው እጅዎ ከብርድ፣ ሕሊናዎም ከሐሳብ ተጠብቆ ይኖር ዘንድ እየተመኘሁ፣ ቢሮዎ በተዘጋ ቁጥር በሩን በአክብሮት ያየሁ፣ ወደፊትም የማየው፣

ታማኝ የመንገድ ዳር ነዋሪዎ
ሞገስ ታደሰ
መስከረም ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የትእዛዝዎን ፍሬ ማወቅ ቢሹ፣ እንግዳው ካለፉ ወዲህ የመንገዱ ቤቶች ሁሉ ምድጃቸውን መልሰው አንድደዋል፤ ውለታ አያውቁም። የእህቴ ቤት ብቻ እስከ ዛሬ እሳት አልገባበትም። ማገዶ ይዤ በመጣሁ ቁጥር ተነሥታ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ታስመልሰኛለች። ጽሕፈት ቤትዎ በዚህች ከተማ አንድ ታዛዥ ቤት አለው። ጭስ የለበትም። ከመንገድ ሲያዩት በጣም ያምራል።