ያለ ከበሮ የተጠና ጭፈራ

ሰኞ

ዛሬም መጡ። አሥራ አንድ ልጆች። ባሌ ሰይድ ከሞተ ሦስት ወር አለፈው፤ የባል ሐዘን ጊዜዬ፣ ዒዳዬ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን እስኪሞላ ከግቢ አልወጣም። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ የማስተምራቸው ጭፈራና ድራማ ወደ ግቢዬ መጣ። አስተማሪዋ ከድጃ ታመጣቸዋለች፣ መልሳ ትወስዳቸዋለች።

ሐሙስ ትምህርት ቤት ውስጥ ወላጆች ያያሉ። ርዕሰ መምህሩ ካልወደዱት እዚያ የምናጠናበት ክፍላችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ከድጃ ይህን ስትነግረኝ «እሺ» አልኳት። ምሳ በላሁ አልበላሁ፣ አላስታውስም።

ማክሰኞ

አማቴ እማማ ሐዋ አብረውኝ ናቸው። «የልጄ አፈር ሳይደርቅ ከበሮ? ጭብጨባም እንዳልሰማ!» ብለዋል። ስለዚህ አዲሱን ጭፈራ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእግር ብቻ ነው ያስጠናኋቸው። እጄን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ እነሱ እጄን እያዩ ይረግጣሉ። ድሮ ከበሮውን የሚመታልን ሰይድ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር፤ ስናጠና በሩን ትቶ ይመጣ ነበር።

ድራማው የባቲ ገበያ ነው። ግመሉ ሁለት ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ ሥር። የፊት እግሩ ኢብሳ ነው፤ የኋላ እግር የሆነው ከድር «ኢብሳ ፈስቷል!» ብሎ ብርድ ልብሱን ጥሎ ወጣ። ሁሉም በሳቅ ተንከባለሉ። እኔ ብርድ ልብሱን አነሣሁ፣ አራገፍኩት።

ረቡዕ

ፊት የምትመራው ሐያት ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ነገ እጁን ማን ያሳየናል?»

«ከድጃ አለች።»

«እሷማ ትሳሳታለች፣ ወላሂ።»

ከድጃ ሳቀች። «አብሽሪ እትዬ፣ ነገ እኮ ከበሮ አለ። ከበሮው ይመራቸዋል።»

ይህን ጭፈራ በከበሮ አያውቁትም ማለት ነበረብኝ። አሰብኩት። ከማሰቡ እስከ አፌ ድረስ ያለው መንገድ ረዘመብኝ።

ሐሙስ

ሐያት የጭፈራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች።

«ከበሮው ሲመታ ጠፋን። አንዱ ቀኝ አንዱ ግራ! እኔ ከበሮውን ተዉት ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ እዚህ ግቢ እንደምናጠናው በእግር ብቻ ጨፈርን።»

«ሰዎቹስ ምን አሉ?»

«አለቀሱ።»

«ማን?»

«ሁሉም! የኢብሳ እናትማ ንፍጧ ሁሉ ወጣ።»

አልገባኝም። ክፍሉን ወሰዱብን ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ርዕሰ መምህሩ መጡ። እማማ ሐዋ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ይምጡ ይቀመጡ ብለው በረንዳው ላይ አስቀመጧቸው። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«ለሰይድ ሐዘን ብለው ከበሮውን ማስቆማቸው! ይህን አደብ ከትልልቆቹም አላየሁም። ክፍሉ የእነሱ ነው። ወላጆችም የሚቀጥለው ትርኢት እንዲሁ ያለ ከበሮ ይሁንልን ብለዋል።»

እማማ ሐዋ አለቀሱ። ልጆቹን አንድ በአንድ መረቁ። ከበሮ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ አላህ አየልኝ አሉ።

ልጆቹ ምት ጠፍቷቸው ነው እኮ! ጥፋቱም የእኔ ነው። ማድቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩና ሳቅኩ። ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ።

እማማ ሐዋ ከበሩ ውጭ ቆመው ሰሙኝ።

«አልቅሺ ልጄ» አሉኝ። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።»