የሦስተኛው ኩርባ ጎማዎች የአበባ ማስቀመጫ ስለ መደረጋቸው

ለተከበሩ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለመላው የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦችም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ባለፈው ስብሰባ ወገብዎን እንደሚያምዎት ነግረውን ስለነበር ሐሳብ ገብቶኝ ነበር፤ ከትናንት በስቲያ ግን አዲሱ የክብር ወንበርዎ ከነመደገፊያው ከጭነት መኪና ሲወርድ በዓይኔ ስላየሁ እፎይ ብያለሁ።

ምናልባት ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ከውድድር ሜዳው ጀርባ ባለችው ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት ፍሬን ስሠራ የኖርኩ፣ ከአምስቱ ቡድኖች የትንሹ ኃላፊ ነኝ። ቡድን ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስልዎት፤ አንዲት መኪና፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ እንዲሁም መኪናዋን የምትነዳው የሃያ ሁለት ዓመት ልጄ ነን።

የዓመቱ መክፈቻ ውድድር ከነገ ወዲያ እሑድ ስለሆነ ከተማው ወሬው ሌላ አይደለም። ፀጉር ቤት የገባ ሰው ፀጉሩ ሳይሆን የቡድኖቹ ተስፋ ተቆርጦለት ይወጣል። ፌዴሬሽኑም በበኩሉ «የዘንድሮ ቡድኖች ግምት» የሚል የሚያምር መጽሔት አሳትሞ፣ አዲስ ሞተር ያስገቡትን የጡብ ፋብሪካውን ልጆች አንደኛ፣ መንትዮቹን ሁለተኛ፣ «ዝምታው» እያልን የምንጠራው ጎረቤቴ የሚመራውን ቡድን አራተኛ፣ እኛን ደግሞ አምስተኛ አድርጎ፣ ከስማችን ሥር «ልምድ እንደሚያካብቱ ይጠበቃል» ብሎ ጽፎልናል። ስለ መልካም ምኞቱ እናመሰግናለን። ማክሰኞ በተደረገው የሙከራ ዙር ልጄ መንትዮቹን በአራት ሰከንድ ቀድማ ሁለተኛ ስትገባ ሰዓት ያዡ አላምን ብሎ ሰዓቱን አራግፎ ነበር፤ መጽሔቱ ግን ቀድሞ ስለታተመ እርሷን እንዲጠብቅ መጠየቅ ተገቢ አይሆንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጊዜዎን ላለመሻማት በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ. እንደሚያውቁት፣ ወይም ቢጠይቁ ኖሮ እንደሚያውቁት፣ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሲያልቅ እያንዳንዱ ቡድን ያለቁ ጎማዎቹን ተሸክሞ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይወስዳል፤ እዚያም በሲሚንቶው ግድግዳ ፊት በሦስት ረድፍ እንደረድርና በብሎን እናስራቸዋለን። ይህን ያዘዘን ሰው የለም። ዓመቱን ሙሉ ስንሰዳደብ የከረምን ሰዎች ያን ዕለት አንድ ብሎን ከሁለት በኩል ይዘን እናጠብቃለን። አምና በመክፈቻው ዕለት ያኔ ይነዳ የነበረው የወንድሜ የፊት ጎማ ፈንድቶ መኪናዋ ወደዚያው ግድግዳ ስትበር የተቀበሉት እነዚያ ጎማዎች ናቸው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ዛሬም ያነክሳል፤ ነገር ግን በሕይወት አለ፣ ቁርስ ላይም ይጨቀጭቀኛል።

ዘንድሮ እነዚያ ጎማዎች ተፈትተው፣ ነጭ ቀለም ተቀብተው፣ አፈር ተሞልተውና አበባ ተተክሎባቸው ከዋናው በር እስከ ክቡራን እንግዶች መቀመጫ ድረስ በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል። አበቦቹ ያምራሉ፣ አልዋሽም። ራቁቱን የቀረው ግድግዳም አልተረሳም፤ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ተጽፎበታል። በሰዓት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ለሚመጣ ሰው እንዲህ ያለ አቀባበል በሌላ ቦታ የሚገኝ አይመስለኝም።

፪ኛ. ይህንኑ በመግለጽ ሦስት ደብዳቤ አስገብቼ ነበር። ጸሐፊዎ በስልክ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ለሚመለከተው ኮሚቴ ተመርቷል» ስትለኝ ደስ አለኝ። የሚመለከተው ኮሚቴ የማስዋብ ኮሚቴው መሆኑን ያወቅሁት አባላቱ ሜትር ይዘው መጥተው በአበቦቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆኑን ለክተው ሲሄዱ ነው። ሦስተኛው ኩርባ ድረስ ፀሐዩ ስለከበደ አልደረሱም። እኛው ራሳችን በግማሽ ቀን ጎማዎቹን እንመልሳለን ብለን ብንሄድም ጥበቃው የፌዴሬሽኑ ንብረት ነው ብሎ በትሕትና መልሶናል። የራሴን ጎማ ንብረትዎ ስላደረጉልኝ ክብር ይሰማኛል።

፫ኛ. ቅጹን በተመለከተ። «የውድድር ሜዳውን አይቼ ለውድድር ተስማሚ መሆኑን አረጋግጫለሁ» የሚለውን ቅጽ እስከ ሐሙስ ቀትር ያልፈረመ የቡድን ኃላፊ መኪናው እንደማትሰለፍ ተነግሮናል። አራቱ ፈርመዋል፤ አልፈርድባቸውም። ዝምታው ከእኔ ጋር ግድግዳውን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ከዚያ የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ሲፈርም አጠገቡ ነበርኩ። ዓመት የጠበቀ ሰው ምን ያድርግ?

እኔ አልፈረምኩም።

፬ኛ. ይህ የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ ቅሬታ ልበለው አልበለው አላውቅም። ልጄ ስምንት ወር ሙሉ ከእኔ ቀድማ ጋራዥ እየገባች ያችን ሞተር እንደ ሕፃን ስታጥባትና ስትፈታታ ከርማለች። እንዳልፈረምኩ ስነግራት እጇን በጨርቅ ጠርጋ፣ «አባዬ፣ የሚፈራው ማነው፣ እኔ ወይስ አንተ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ከትናንት ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ በአጎቷ በኩል ነው የምንነጋገረው፤ እርሱም እያነከሰ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት መልእክት ያመላልሳል። የልጄን ዓመት የነጠቅኋት እኔ እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ በእርሷ ዘንድ እንዲህ ነው የሚታወቀው። እርስዎ እሑድ ሪባን ይቆርጣሉ፣ ያጨበጭብልዎታል ሕዝቡ፤ እኔ ደግሞ የገዛ ልጄን ፊት ማየት ከብዶኛል። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ። በዚህ ሁሉ አክብሮት መካከል ይህ እንዳያመልጥዎት ብዬ ነው።

በመጨረሻም የአበቦቹ ውኃ እንዳይጓደል፣ የወንበርዎ መደገፊያ እንዲመችዎ፣ ንግግርዎ በድምፅ ማጉያው ጠርቶ እንዲሰማ ከልብ እየተመኘሁ፣ ትሑት ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ልምድ እንዲያካብት የሚጠበቀው አምስተኛው ቡድን ኃላፊ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ትናንት ጽፌ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት የዝምታው ሹፌር ትርፍ አንጀት ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በደንቡ መሠረት ሹፌር መተካት እስከ ዛሬ ማታ ስለሚፈቀድ ልጄ እኔን ሳትጠይቅ ሄዳ በእርሱ ቡድን ተመዝግባለች። መብቷ ነው። ስለዚህ መጽሔትዎ አራተኛ ያለውን ቡድን ወደ ላይ ቢያወጡት አያፍሩበትም። የዚያን መኪና ፍሬን ከቀትር በፊት ራሴ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ ዝምታው መፍቻ ያቀብለኝ ነበር፣ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ነገ ውድድሩ ሲጀመር ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር እቆማለሁ። የውድድር ሜዳው ተስማሚ መሆኑን እርስዎም ስለሚያምኑ፣ ከጎኔ ቦታ ይዤልዎታለሁ።