ለድሬዳዋዋ አክስትሽ ያልደረሰው መርዶ

«ሰውየው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወፍሯል።»

ፋጡዬ፣ ይህን ያለችው ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከኋላዬ ትሄድ የነበረች ሴት ናት። እኔም አምኛት በቀጥታ ወደ ፋርማሲ ሄድኩና ሚዛን ላይ ወጣሁ። ከስቻለሁ። ሴትየዋን ያሳሳታት ከካፖርቴ ሥር የለበስኩት ያንቺ ሹራብ ነው፤ በላዩ ላይ የራሴን ደርቤበታለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ። ብቻውን ለሚተኛ ሰው ደግሞ ይበረታል።

ከተለየሽኝ ክረምቱ አልፎ፣ ገብሱ ታጭዶ፣ ውርጩም ተመልሶ መጥቷል። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ሱቁን ዘግቼዋለሁ። የቀረውን ጨውና በርበሬ መጠለያ ጣቢያ ላሉት፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ለመጡት ደንበኞችሽ ሰጠኋቸው። ድመቷ ጠቅልላ ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች ቤት ገብታለች። የወጣችው የኔን ወጥ ከቀመሰች በኋላ ስለሆነ አልተቀየምኳትም።

የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። አክስትሽ ሐሊማ ችግር ውስጥ ከታኛለች። አዎ፣ በዚህ ዓለም ላይ ኖራ የማታውቀው ሐሊማ።

ነገሩ የተጀመረው በጨው ነው። አሊዩ አምባ ያደግሽው፣ አያትሽ ከጅቡቲ ባሕር፣ ከታጁራ በግመል ይመጣ ስለነበረው ጨው ሲያወሩ እየሰማሽ ነበር። ዕድሜሽን ሙሉ ጨው ስትሸጪ ኖረሽ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ፣ ጨው ያለበትን ውኃ ሳላይ አልሞትም አልሽኝ። እኔ ደግሞ ማዕበልን በጠመኔ ስስል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ባሕር ምን ምን ይሸታል ብለው ጠይቀውኝ ባያውቁ ዕድሌ ነው።

የሁመድን ስልክ የሰጠሽ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ ደንበኛሽ ነው። ሁመድ ታጁራ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እንግዳ በጀልባው ይዞ ወጥቶ አጠማመዱን ያሳያል። አማርኛ የተማረው ከኛ ሾፌሮች ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው፤ እሱ ግን ስድብ መሆኑን አያውቅም። በአክብሮት ሰድቦ፣ ከኅዳር በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ኑ አለን። ባርኔጣ ያዙ አለ። የብር ቀለበት ውኃው ላይ ሲያብረቀርቅ ጥርሳም ዓሣ ትንሽ ዓሣ ይመስለዋልና አውልቁ አለ። አንቺ ለዓሣ ብዬ የጋብቻ ቀለበቴን አላወልቅም አልሽ። ይህን እንድነግረው አደረግሽኝ። ሳቀና ጓንት አመጣላታለሁ አለ።

ለጎረቤት ግን እንዴት ይነገራል? ከከተማው ዳር ሰው በድንኳን እያደረ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ለመዝናናት ዓሣ ሊያጠምዱ ባሕር ወረዱ ሊባል ነው። ሁመድ ደግሞ ትልልቁን ይዘን መልሰን እንደምንለቀው ነግሮናል። ለመያዝ ከፍለን የያዝነውን መልቀቃችንን እድር ላይ ማስረዳት ከኔ አቅም በላይ ነበር።

ስለዚህ ሐሊማን ፈጠርሽ። ድሬዳዋ የምትኖር፣ ልጅ የሌላት፣ ወገቧን የሚያማት አክስት። ታማለች፣ ልንጠይቃት እንሄዳለን አልን፤ በቃ። የረሳነው የት ሰፈር እንደምንኖር ነው። በነጋታው እትዬ ተዋበች ብርቱካን ይዘው መጡ።

ከዚያ ወዲያ ሐሊማ የሰፈሩ ሁሉ በሽተኛ ሆነች። ያገኘን ሰው ሁሉ «ሕመምተኛዋ እንዴት ናት?» ይለናል። ጉዟችን ሲቃረብ ይጠናባት ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ሻል ይላት ነበር። በዚያ ዓመት መንገዱ ቶሎ ቶሎ ስለሚዘጋ ጤናዋ ደህና ሰነበተ።

እኛ ግን ልምምዳችንን አላቋረጥንም። አንቺ ግቢ ውስጥ በናይሎን ገመድ ጫፍ የሱቁን ጓጉንቸር አስረሽ ሳፋ ውስጥ ለመጣል ትሞክሪያለሽ። እትዬ ተዋበች በአጥር ብቅ ብለው «አንቺ ፋጡማ፣ ምን እየሆንሽ ነው?» ቢሉሽ፣ ፊትሽ እንኳ ሳይለወጥ «የልብስ ማስጫውን ገመድ ጥንካሬ እየሞከርኩ ነው» አልሻቸው። ሳፋው ተሰነጠቀ። ባሕሩ እንዳያዞረን ደግሞ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደውን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ተፈተንበት። አንቺ በመስኮት እያየሽ ሙዝ ስትበዪ፣ እኔ ፌስታል ታቅፌ ወረድኩ።

ከዚያ ሳልሽ መጣ። አዲስ አበባ ሆስፒታል የሄድነው ለባሕሩ ባዘጋጀነው ቦርሳ ነው፤ ባርኔጣሽን ከውስጡ ማውጣት አልፈለግሽም። ሐኪሙ አነጋግሮን ስንወጣ፣ በሩ ላይ ቆም ብለሽ «ለሁመድ ትንሽ እንዘገያለን በለው» አልሽኝ። ነገርኩት።

ብርቱካን የሚመጣላት አንቺ ሆንሽ። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው ጥያቄ። አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ ሐሊማ ይህን ሁሉ ጥየቃ እንዴት ቻለችው ብለሽ ሳቅሽ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ስትስቂ አልሰማሁም።

ከቀብርሽ ተመልሰን ገና ድንኳኑ ውስጥ ሳንቀመጥ እትዬ ተዋበች «ሐሊማስ? ሰማች?» አሉኝ። አልሰማችም አልኩ። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን እላለሁ? መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ማልዶ፣ በሯን አንኳኩቶ ነው። እድሩ መንገዱ ሰላም ሲሆን አብሮኝ የሚሄድ ሰው ሊመርጥ ተስማማ። ይረሱታል ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት የእድሩ ሰብሳቢ ቤቴ መጥተው መንገዱ ተከፍቷል፣ ሦስት ሰው ተመርጧል አሉኝ። እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን አጥበው አስጥተዋል።

ፋጡዬ፣ ድሬዳዋ ወርጄ የማንን በር ላንኳኳ ነው? እውነቱን ብናገር ደግሞ ሰፈሩ ከእንግዲህ የሚያስታውስሽ ዋሾ አድርጎ ይሆናል። ዛሬም ስላንቺ ሲያወሩ በአክብሮት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሱን እንዳላሳጣሽ ፈራሁ።

በመጨረሻ እትዬ ተዋበች ቤት ገብቼ፣ ድመታችን ጭናቸው ላይ ተኝታ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ባሕሩን፣ ጀልባውን፣ የሚለቀቀውን ዓሣ።

«ሐሊማ የለችም?»

የለችም አልኩ።

«ብርቱካኑንስ ማን በላው?»

እኛ በላነው አልኩ።

«እኔ እኮ ጧፍ አብርቼላታለሁ፤ እስላም ናት እያልኩ ታቦቱን ራሴው አስፈቅጄ» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ ላንቺ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስተውል ለሐሊማ ነው የሚያለቅሱት፤ ያን ሁሉ ጊዜ አስታመዋት ድንገት አጧት። ላንቺ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ! እስቅባታለሁ ብላ ነው?» አሉ። ይስቁብኛል ብለሽ ሳይሆን አብሬ እሄዳለሁ ይላሉ ብለሽ መስጋትሽን ነገርኳቸው። በእንባቸው መሐል «እሄድ ነበራ» አሉ።

ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ነገሩን በእጃቸው አስገቡት። ለእድሩ፣ ሐሊማ ራሷ ቀድማ አርፋለች፣ የማርዳቱ ነገር ቀርቷል ይላሉ። እኔ ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ ብቻዬን እሄዳለሁ። «አንተ ኑሩ፣ ሂድና ያሰበችውን ባሕር እይላት» አሉኝ። ለመንገዴ ዳቦ ቆሎ ሰጥተውኛል። ስለዚህ የድሬዳዋዋን አክስትሽን እትዬ ተዋበች ገደሏት፤ ማንም እንደ እሳቸው ያዘነላት የለም።

ሰኞ እነሳለሁ። ውኃውን ቀምሼ፣ ሽታውን አሽትቼ፣ ምን እንደሚመስል አንዱንም ሳላጓድል ይዤልሽ እመለሳለሁ። መቃብርሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ፤ ሌላ ጊዜም እየመጣሁ ያንኑ እደግምልሻለሁ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከመድገም ሌላ ምን ሥራ አለው? በሕይወት እስካለሁ ከአፌም ከልቤም አትጠፊም።

ሁመድ ትናንት በድምፅ መልእክት፣ በዚያ ግማሽ ስድብ በሆነ አማርኛው፣ ለጀልባው የጥላ ሸራ እያሰፋ መሆኑን ነገረኝና ሚስትህ በየትኛው በኩል መቀመጥ ትወዳለች ብሎ ጠየቀኝ።

በግራ በኩል አልኩት።